መጽሐፉ ላይ የሌለው ጫማ

ይድረስ እናትም አባትም ሆና ላሳደገችኝ ለእትዬ፦

እትዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? መነጽርሽን ታደርጊዋለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ለእንግዳ ብቻ ነው የምታወጪው? ጋሼስ እንዴት ሰንብተዋል? ወገባቸውን ተሻላቸው ወይስ አሁንም ከወንበር ሲነሡ "ውይ! ውይ!" እያሉ ነው? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ድመቷስ ወለደች? ናፍቆት ሲጠናብኝ የቤታችሁን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ በልቤ እየጠራሁ አዳርሳለሁ፤ ድመቷ እንኳ አትቀርብኝም። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ። እሠራለሁ፣ እበላለሁ። እንቅልፍ ብቻ ነው ሰሞኑን የኮበለለብኝ፤ ምክንያቱን ከታች ታገኚዋለሽ።

ገና ፖስታውን ስታዪው "ስልክ እያለ ምን ሆኖ ነው ደብዳቤ የሚጽፈው?" ብለሽ ደረትሽን እንደምትይዢ አውቃለሁ። አልታመምኩም፣ አልታሰርኩም። ነገሩ አንቺ ስልክ የምታወሪው ድምፅ ማጉያው ላይ አድርገሽ ነው። እኔ "እትዬ" ስል ጋሼ "አቤት" ይላሉ፣ ልጆቹ ይስቃሉ፣ ጎረቤትሽ ደግሞ ከጓዳ ሆና "ሰላም ነህ ወይ?" ትለኛለች። ዛሬ የምነግርሽ ነገር ያ ሁሉ ጆሮ የሚሰማው አይደለም። በሞቴ እትዬ፣ ለብቻሽ ሆነሽ በሩን ዘግተሽ አንብቢው። ጋሼ "ምን ይላል?" ካሉሽ ሰላም ብሏችኋል በያቸውና እለፊ።

ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ ማክሰኞ ደግሞ ሰው ፀጉሩ የማያድግ ይመስል ፀጉር ቤቱ ጭር ይላል። ከሦስቱ ወንበሮች ሁለቱ ባዶ ናቸው። በሦስተኛው ላይ አንድ ሽማግሌ ደንበኛዬ ተላጭተው ከጨረሱ በኋላ ቤታቸው ሙቀት የለም መሰለኝ ጋዜጣ ይዘው ተቀምጠዋል። እኔ መስታወቱ ሥር ማበጠሪያና መቀሶቹን ገፋ አድርጌ ነው የምጽፍልሽ። ወረቀቱ ላይ ብናኝ ፀጉር ብታገኚ የማን እንደሆነ አትጠይቂኝ።

ባለፈው ዓመት ለልጆች የሚናገሩ በጎ ፈቃደኞች ማኅበር ውስጥ ገባሁ ስልሽ "ጠበቃ ሆንክልኝ?" ብለሽ እልልታሽን ልታቀልጪው ነበር። ያኔም ነግሬሻለሁ፣ ጠበቃ አይደለሁም። ወላጅ የሞተበት ወይም ቤቱ የፈረሰበት ልጅ የት ይኑር የሚለውን ዳኛ ይወስናል። እዚያ ዳኛ ፊት ዘመድ ይናገራል፣ የመንግሥት ሠራተኛ ይናገራል፣ ጠበቃ ይናገራል፤ ልጁ ግን ወይ ይፈራል ወይ ጭራሽ አይገባም። እኛ ተሟጋቾቹ ያንን ልጅ በየሳምንቱ እየጎበኘን፣ አብረነው ካርታ እየተጫወትን፣ ያየነውንና የነገረንን ጽፈን በቀጠሮው ቀን ቆመን እናነባለን። ደሞዝ የለውም። ሦስት ወር አሠልጥነው አንድ መሐላ አስማሉን፤ ልጁ የነገረህን ለችሎት እንጂ ለሌላ ለማንም አትናገርም የሚል ነው። እንግዲህ አንቺ ታውቂኛለሽ፤ ፀጉር አስተካካይን አፍህን ዝጋ ማለት ዶሮን አትጫሪ እንደማለት ነው።

አስተባባሪያችን ስትቆጣ ድምፅዋ ዝቅ የሚል፣ ስትስቅ ደግሞ ሕንፃው የሚሰማት ሴት ናት። አንድ ቀን ሰብስባን "እናንተ ሰዎች ልትፈነዱ ነው" አለችን። እውነቷን ነበር። የሰው ልጅ ጭንቀት ተሸክሞ ለሚስትም ለጓደኛም ሳይተነፍሱ መዋል ቀላል አይደለም፤ አንዷ እንዲያውም ለውሻዬ ማውራት ጀምሬአለሁ ብላናለች። ስለዚህ የንባብ ክበብ አቋቋመችልን። በወር አንድ መጽሐፍ፣ ስለ ልጅ የተጻፈ ልብ ወለድ ይሆናል። ወሩ በገባ በመጀመሪያው ሰኞ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ የጀርባ ክፍል ውስጥ እንሰበሰባለን። ክፍሉ የሕፃናት ስለሆነ ወንበሮቹም የሕፃናት ናቸው፤ ስምንት ጎልማሳ ጉልበቱ አገጩን እየነካ ተቀምጦ ስለ ልጆች ሲከራከር ብታዪን በሳቅ ትሞቺ ነበር።

የክበቡ ሕግ አንድ ነው፦ የራስህን ልጅ እዚህ አታምጣ። የሚወራው መጽሐፉ ውስጥ ስላለው ልጅ ብቻ ነው። ግን ምን ልደብቅሽ፣ ሁላችንም ከሕጉ ላይ እንሸርፍ ነበር። ሰው ሆዱ የሞላውን የሚያፈስበት ሲያጣ በመጽሐፉ ልጅ ላይ ያፈሰዋል። ደራሲው አንድ ልጅ ይፈጥራል፤ እኛ እጅ ከገባ በኋላ ያ ልጅ ደራሲው ያላሰበውን ሁሉ ያደርጋል። አንድ ወር ያነበብነው መጽሐፍ ላይ ያለው ልጅ በእኛ ወሬ አልጋው ላይ ይሸናል፣ ዳቦ ይደብቃል፣ ጥርሱን ያፋጫል፤ መጽሐፉ ላይ አንዱም የለም። አስተባባሪያችን እያወቀች ዝም ትለን ነበር። ግማሾቻችን መጽሐፉን ስለማንጨርሰው ማን ምን እንደጨመረ አይታወቅም ነበር። አንድ አውቶቡስ ነጂ አለ፣ መጽሐፉን የሚያነበው ከጀርባው ሽፋን ላይ ነው፤ ለክርክር ግን የሚቀድመው የለም።

አሁን ወደ ልጅቷ ልምጣ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ስሟን አልጽፍልሽም፤ መሐላው ደብዳቤንም ይጨምራል። ለእኔና ለአንቺ ጭምቷ ትባል። ይህን ያህሉንም ብነግርሽ እሷን ጠይቄ፣ አስተባባሪዋንም አስፈቅጄ ነው፤ "ካልነገርካት ለምን እንደምትጽፍላት አይገባትም" ያለችኝ ራሷ ጭምቷ ናት። ይህን ለምን እንዳለችኝ ትደርሺበታለሽ። እናቷ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆናት። አባቷ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። የእናቷ ወንድም ሌላ ከተማ የሚኖር ነጋዴ ነው፤ እሱ ቤት ሰባት ወር ከኖረች በኋላ "ቤት ልቀይር ነው፣ ለጊዜው ያዙልኝ" ብሎ ለመንግሥት አስረከባት። አሁን ጊዜያዊ አሳዳጊ ሴት ጋ ናት። አሳዳጊዋ ልብስ ሰፊ ናት፤ ቤቷ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ምንጣፉ ላይ ሁልጊዜ የክር ቁራጭ አይጠፋም። አጎቷ ደግሞ አሁን "ቤቴን አደላድያለሁ፣ ልጄን መልሱልኝ" ብሏል። ወረቀቱ ሁሉ የተሟላ ነው። ለብቻዋ ክፍል አላት፣ ትምህርት ቤቱ ቅርብ ነው፣ የመንግሥት ሠራተኛዋም "ልጅቷ ተቃውሞ የላትም" ብላ ጽፋለች። ጭምቷ ለማታውቀው ሰው ተቃውሞም ሆነ ድጋፍ ያወጣችበት ቀን የለም እኮ! ዝም ካለች ዝም ነው።

እኔ ዘጠኝ ወር ሙሉ በየቅዳሜው ሄጃለሁ። ያን ሁሉ ጊዜ ካርታ ብቻ ነው የተጫወትነው፣ እያሸነፈችኝ። ከዚያ የዛሬ አሥር ቀን፣ ቅዳሜ፣ ካርታውን እየበወዘች፣ ቀና እንኳ ሳትል "ጫማዬን ትራስ ሥር አድርጌ ነው የምተኛው" አለችኝ። ለምን ስላት "እዚያ ቤት ይደብቁብኝ ነበር" አለች። እዚያ ቤት ያለችው የአጎቷን ቤት ነው። እንዳትወጪ ነው? ብላት ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ካርታውን ሰበሰበችና "ሌላውን በሚቀጥለው ቅዳሜ እነግርሃለሁ፤ ለማንም እንዳትናገር" አለችኝ። እትዬ፣ ያን ዕለት ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወረድኩ። ዘጠኝ ወር የጠበቅኩት በር ገርበብ አለልኝ ብዬ።

ቅዳሜ ነገረችኝ፣ ሰኞ ክበቡ ነበር። ያነበብነው መጽሐፍ ከዘመድ ዘመድ ጋ በባቡር ስለምትላክ አንዲት ልጅ ነው። ወሬው ሞቅ አለ። እኔም ሁለት ቀን ሙሉ ይዤው የዞርኩት ነገር ነበርና ምን ቆርጦኝ እንደሆነ እንጃ፣ "ልጅቷ ግን ጫማዋን ትራስ ሥር አድርጋ መተኛቷ አንጀቴን በላው፤ እንዳትወጣ ይደብቁባት የነበረው ነገር ማለቴ ነው" አልኩ። አውቶቡስ ነጂው ራሱን እየነቀነቀ "እዚያ ጋ እኔም አልቅሻለሁ" አለ! መጽሐፉ ላይ ጫማ የሚባል ቃል መኖሩንም እንጃ እኮ፣ እሱ አልቅሶበታል። ሌሎቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። አንዲት አዲስ የገባች መምህርት ግን ገጽ ማገላበጥ ጀመረች። "ይቅርታ፣ ስንተኛው ገጽ ላይ ነው?" አለችኝ። ወደ መጨረሻው አካባቢ ነው አልኳት፣ ዐይኔን በጨው አጥቤ። ሴትዮዋ ለካ መጽሐፉን ሁለት ጊዜ አንብባዋለች።

መምህርቷ የጭምቷ አስተማሪ እንደሆነች እኔ በምን ልወቅ? እሷም እኔ ማንን እንደምጎበኝ አታውቅም። ግን ክፍሏ ውስጥ በስፖርት ሰዓት ጫማዋን አላወልቅም ብላ የምታስቸግር አንዲት ልጅ አለች፤ ሁለቱን ነገር ደምራ ደረሰችበት። በማግስቱ በስፖርት ሰዓት ልጅቷን ወደ ጎን ጠርታ፣ ደግ መስሏት፣ "እዚህ ማንም ጫማሽን አይደብቅብሽም። ትራስ ሥር ማድረግም አያስፈልግሽም" አለቻት። እኔ መምህርቷን አልወቅሳትም። የፈሰሰውን ያፈሰስኩት እኔ ነኝ።

በቀጣዩ ቅዳሜ ካርታዬን ይዤ ስሄድ አሳዳጊዋ በሩን ከፈተችና ለስፌት ጣቷ ላይ ያጠለቀችውን ቆብ እያዞረች "ምን አድርገሃታል?" አለችኝ። ማክሰኞ ከትምህርት ቤት መጥታ፣ መምህሯ ያለቻትን ብቻ ተናግራ፣ ጫማዋን እንዳደረገች አልጋዋ ላይ ወጥታ ተኝታለች፤ ከዚያ ወዲህ አታወልቀውም። እኔ ስገባ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። አንድ ሰዓት ሙሉ ቁጭ አልኩ፣ ካርታውን ብቻዬን ደረደርኩ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። ቀጠሮው ደግሞ ሐሙስ ነው፤ የፊታችን ሐሙስ ማለቴ ነው፣ ከነገ ወዲያ።

ከዚያ ሳልበላ ሳልጠጣ በቀጥታ አስተባባሪዋ ቢሮ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት። ድምፅዋ ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ ብሎ በመጨረሻ ወደ ጠረጴዛው ተደፍቼ ነው የሰማኋት። "የአንተን ነገር ከሐሙስ በኋላ እናየዋለን። አሁን ላውጣህ ብል በአምስት ቀን ውስጥ ለማን ትናገራለች?" አለችኝ። ቀጥላም ጫማ መደበቅ ብቻውን ዳኛዋን እንደማያሳምናት ነገረችኝ። አጎትየው "ልጅ ናት፣ መንገድ ላይ እንዳትሮጥ ነው" ቢል አለቀ። የምናነበው ቅጽ ላይ "የልጁ ፍላጎት" የሚል ክፍት ቦታ አለ፤ የጭምቷ ቦታ እስከዚች ደቂቃ ባዶ ነው። ሐሙስ ባዶውን ይዤ ከቆምኩ ልጅቷን ወደዚያ ቤት ይመልሷታል። ሌላው ምን እንደነበረ ሳይታወቅ፣ ሻንጣዋን አሲዘው።

ትናንት ሰኞ፣ ቅዳሜን ሳልጠብቅ፣ ተመልሼ ሄድኩ። ጭምቷ የሕንፃው ደረጃ ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ክር ትፈታለች፣ ታስራለች። ሁለት ደረጃ ዝቅ ብዬ ተቀመጥኩ። ጥፋተኛው እኔ ነኝ፣ ለሰው ተናግሬያለሁ፣ ስለ መጽሐፉ ልጅ የማወራ አስመስዬ ያንቺን ነው የተናገርኩት አልኳት። ክሩን አጥብቃ አሰረች። ከዚያ "የመጽሐፉ ልጅ ጫማዋን የት ነው የምታደርገው?" አለችኝ። እንጃ፣ መጽሐፉ አይናገርም አልኳት። "እንግዲያው የእኔን ለምን ሰጠሃት?" አለችኝ። እትዬ፣ አርባ አምስት ዓመቴ ነው፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ያዘችኝ።

ይቅርታ ስላት "አንተስ ለማንም ያልነገርከው ነገር አለህ?" አለችኝ። የለኝም አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። አለኝ አልኩ። "ከማን ነው የደበቅከው?" ስትለኝ ከእህቴ አልኳት። "እንግዲያው ንገራት። ከዚያ የእኔን እነግርሃለሁ" አለችና ፍርዷን ሰጠች። በስልክ ዛሬውኑ እነግራታለሁ ብላት አልተቀበለችም፤ በስልክ ከሆነ ሳትነግራት ነገርኳት ትለኛለህ፣ ጻፍና አብረን ሄደን ሳጥኑ ውስጥ እንክተተው አለች። ምን እንደሆነ ግን አልጠየቀችኝም። ልነግራት አፌን ስከፍት "ያንተ ነው" ብላ ዘጋችኝ። ነገ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በአሥር ሰዓት ፖስታ ሳጥኑ ጋ ቀጠሮ አለን።

ልዋሽሽ አልፈልግም፤ ሰላምታ ብቻ የሞላበት ደብዳቤ አሽጌ አብሬያት ልከተው እችል ነበር። ማን ያውቅብኛል? ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰው ላጭቼ እስክጨርስ የማስበው እሱን ነበር፤ አንዱን እንዲያውም ቆረጥኩት፣ ደግነቱ ትንሽ ነው። ግን በቀጠሮው ቀን ስለ እውነት ላነብላት የምቆም ሰውዬ ለዚያች ልጅ ባዶ ፖስታ ካስጨበጥኳት ከዚያ ወዲያ የማን አፍ ልሆን ነው? ሽማግሌው ደንበኛዬም አሁን ጋዜጣቸውን ዝቅ አድርገው "ልጄ፣ ደኅና ነህ? ላብ አጠመቀህ እኮ" አሉኝ። ደኅና አይደለሁም። እነሆ ልጽፈው ነው።

እትዬ፣ አጎታችን አልመቱኝም።

አባባ እማማን ተከትለው የሞቱ ጊዜ እኔ ስምንት ዓመቴ፣ አንቺ ዐሥራ ስምንት ዓመትሽ ነበር። የነርስ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተናውን አልፈሽ ሳጥንሽን ገዝተሽ ነበር። ዘመዶች ተሰብስበው ልጁ አጎቱ ጋ ይሁን፣ እሷ ትማር አሉ፤ እኔ አናጢው አጎታችን ቤት ሄድኩ። በአራተኛው ወር በእግሬ መጥቼ የማደሪያሽ በር ላይ ቆምኩብሽ። ሸሚዜን ስትገልጪ ጀርባዬ ላይ ያ ሰንበር ነበር። "ማነው የመታህ?" ብለሽ ጮኽሽ። እኔም አጎቴ በጣውላ አልኩሽ። እትዬ፣ ከጣውላው ክምር ላይ ወድቄ ነው። አትውጣ እያሉኝ ወጥቼ፣ ተንሸራትቼ ወደቅኩ። ከመሬት አንሥተው ያቀፉኝ እሳቸው ናቸው። ቅባት የቀቡኝም እሳቸው ናቸው። እዚያ ቤት አንድም ቀን እጅ አልተነሣብኝም። እንዲያውም ለእኔ ቁመት የሚሆን መዶሻ ሠርተውልኝ ነበር።

ከዚያ የሆነውን አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ሳጥንሽን ተሸክመሽ፣ እጄን ይዘሽ ሄድሽና ሰው ፊት አዋረድሻቸው። እሳቸው አልመታሁትም ብለው ማሉ። ማንም አላመናቸውም። ከዚያ ወደ እኔ ዘወር ብለው "ልጄ፣ ንገራት" አሉኝ። እኔ ቀሚስሽ ጀርባ ገባሁ። ትምህርትሽን ተውሽው። እኔን ይዘሽ ቤት ተከራየሽ፣ የሰው ልብስ አጥበሽ አሳደግሽኝ። ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ "ያ ሰውዬ" እንጂ አጎቴ ብለሽ አልጠራሻቸውም። ካቻምና ሲሞቱ ደውለሽ "ለልጅ ለጨከነ ሰው አላለቅስም፣ አልሄድም" ስትዪኝ እኔ ስልኩን ይዤ ምን አልኩሽ? "እሺ እትዬ" አልኩሽ። እግዜር ያሳይሽ፣ እሺ እትዬ!

ለምን ዋሸህ ብትዪኝ፣ አንቺን ፈልጌ ነው። ያ ቤት ክፉ አልነበረም፤ ግን አንቺ የለሽበትም። ናፍቀሽኝ መጣሁ ብልሽ በማግስቱ መልሰሽ የምትወስጂኝ መሰለኝ። የሚጠይቀኝ ሁሉ ማን መታህ፣ በምን መታህ ነበር የሚለኝ፤ ምን ትፈልጋለህ ያለኝ ሰው አልነበረም። ይህን ስል ጥፋቱን ወደ አንቺ ማዞሬ አይደለም፤ አንቺም ልጅ ነበርሽ። የስምንት ዓመት ልጅ አእምሮ ያገኘውን በር ነው የሚከፍተው።

አሁን ጭንቀቴ ይገባሽ ይሆናል። አንድ ሰኞ ክበቡ ውስጥ "ልጅ ይዋሻል ወይ?" የሚል ክርክር ተነሥቶ እኔ ዝም ብዬ ዋልኩ፤ አውቶቡስ ነጂው "ወሬኛው ዛሬ ምን ነካው?" እስኪለኝ ድረስ። ጭምቷ ስለ አጎቷ ቤት ስትነግረኝ አንዱ ጆሮዬ እሷን ይሰማል፣ ሌላው ጆሮዬ ያንን ልጅ፣ እኔን ይሰማል። ዋሽታ ቢሆንስ? ሳትዋሽ ቀርታ እኔ በራሴ ኃጢአት ጠርጥሬአት ብቀርስ? ከሁሉ ይህኛው ነው የሚያስፈራኝ። ትናንት ከደረጃው ስወርድ ግን አንድ ነገር ገባኝ። እኔ የዋሸሁት ስለ አጎታችን ነው እንጂ ስለ ራሴ አልነበረም። ከአንቺ ጋር መኖር መፈለጌ እውነት ነበር። ስለዚህ ነገ ምን አደረጉሽ ብዬ ብቻ አልጠይቃትም፤ አንቺ የት መኖር ትፈልጊያለሽ ብዬም እጠይቃታለሁ። ሁለቱንም ለየብቻ እጽፋቸዋለሁ፣ ከአፏ እንደወጣ፣ ምንም ሳልጨምር። ዳኛዋ ትመዝነው። ነገ ዝም ካለችኝስ? እሱን አላውቅም። እኔ እንጃ እትዬ። ይህን ደብዳቤ ስታነቢ የጭምቷ ነገር አልቆለት ይሆናል፤ እኔ ግን ገና ዛሬ ላይ ቁጭ ብያለሁ።

ይቅር በዪኝ ብዬ አላጣድፍሽም። ብትቆጪ ተቆጪ፣ ብትሰድቢኝ ስደቢኝ፤ ስልኬን አልዘጋም፣ ከፈለግሽ ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጊኝ። የነርስነቱን ነገር ግን የምመልስበት መንገድ የለኝም። ሰው የታመመ እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ አንቺን ሲጠራ፣ አንቺም ነጠላ ጫማሽን አጥልቀሽ ስትሮጪ ባየሁ ቁጥር ውስጤን የሚቆርጠኝ ምን እንደነበረ አሁን አወቅሽ።

ለጋሼ ከፍ ያለ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ለወገባቸው ጠንካራ ወንበር እንጂ ሶፋ ይቅርባቸው። ትልቋን ልጅሽን በሁለት ጉንጮቿ ሳሚልኝ፤ ፀጉሯን ራሷ መቁረጧን ሰምቻለሁ፣ ለሙያዬ ስትል ትተወው። መንትዮቹን አንዱን ስትስሚ ሌላው እንዳያኮርፍ አብረሽ ሳሚያቸው። ለጎረቤትሽም ሰላም በያት፤ ስለ ደብዳቤው ግን ቃል እንዳታወጪ። የአጎታችን ባለቤት አሁንም እዚያው ቤት ብቻቸውን ናቸው ይላሉ። ለእሳቸው ሰላምታ የምልክበት አፍ የለኝም። አንቺ ግን ከቻልሽ አንድ ቀን በራቸውን አንኳኪና "ልጁ ወድቆ ነው" በያቸው።

ያሳደግሽው ወንድምሽ

ከፀጉር ቤቴ፣ ከመስታወቱ ሥር
ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ኅዳር 9 ቀን